ከዳዊት እስከ ቅኔ፦ የአሜሪካ ክላሲካል ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ትምህርት ሲመዘን

ባለፈው መጋቢት አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በወዳጄ መኪና ቨርጂኒያ ውስጥ እየሄድን ነበር። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «ኣሞ፣ ኣማስ፣ ኣማት፤ ኣማሙስ፣ ኣማቲስ፣ ኣማንት» እያለች በዜማ ታንጎራጉራለች። አጠገቧ ከጎጃም ለጥየቃ የመጡት አያቷ ተቀምጠዋል፤ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ጥቂት ሲያዳምጡ ቆዩና «ይሄማ ግስ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ላቲን ነው፤ «እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል» እያለ የሚወርድ እርባታ። መሪጌታም ዝም አላሉም፤ «ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል» ብለው አወረዱላት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እሳቸው ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ግሱስ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ። ቅኔውን መቼ ነው የምትዘርፊው?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቷ ወደ አባቷ አየች፤ አባቷ ወደ እኔ አየ። መልስ የሰጠ የለም።

ጥያቄውን እኔ ይዤው ወረድኩ። ልጅቷ የምትማረው «ክላሲካል ክርስቲያን» በሚባል የግል ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አሜሪካ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደ አሸን ፈልቷል፤ በሐበሻ ወላጆች መካከልም ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በሻይ ላይ የሚነሳ ወሬ ሆኗል። ወሬው ግን ብዙውን ጊዜ በሥነ ምግባሩ፣ በዩኒፎርሙና ስልክ በመከልከሉ ላይ ያተኩራል። ትምህርቱ ራሱስ? ልጁ 12ኛን ሲጨርስ ምን ይዞ ይወጣል? መሪጌታ የጠየቁት ይህንኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአንድ ንግግር የበቀለ ትምህርት ቤት

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 ዶሮቲ ሴየርስ የተባሉ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ኦክስፎርድ ላይ ንግግር አደረጉ። የዘመኑ ትምህርት ልጆችን ብዙ የትምህርት ዓይነት ያስተምራል፣ ማሰብን ግን አያስተምርም አሉ። መፍትሔው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ «ትሪቪየም» ይባሉ የነበሩትን ሦስቱን መንገዶች መመለስ ነው፤ መጀመሪያ ሰዋስው፣ ቀጥሎ አመክንዮ፣ በመጨረሻም ሬቶሪክ የሚሉት የንግግርና የድርሰት ጥበብ። ሴየርስ የጨመሩት አዲስ ነገር ሦስቱን ከልጅ ዕድሜ ጋር ማጋጠማቸው ነው። ትንሽ ልጅ እንደ በቀቀን መድገም ይወዳል፤ ስለዚህ በዚያ ዕድሜ ይሸምድድ። 12 እና 13 ሲሞላው ትልቅ ሰው ላይ መልስ መስጠት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ክርክር ይማር። ከዚያ በኋላ ራሱን መግለጽ ያምረዋል፤ ያን ጊዜ መናገርና መጻፍ ይማር።

የሚገርመው፣ ተናጋሪዋ ራሳቸው በሕፃናት ሥነ ልቦና ላይ ያላቸው አስተያየት ከባለሙያዎቹ ጋር እንደማይገጥም፣ በደንብ የሚያውቁትም ልጅ በልጅነታቸው የነበሩትን ራሳቸውን ብቻ እንደሆነ አልደበቁም። ሐሳቡ በተግባር ይውላል ብለውም አልጠበቁም።

34 ዓመት ቆይቶ ዋለ። በአይዳሆ ግዛት ሞስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ (ከሩሲያዋ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት) ዳግላስ ዊልሰን የተባሉ ፓስተር ከሌሎች ወላጆች ጋር በ1981 ሎጎስ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ካንሳስ ውስጥ ቶፒካ ላይ ኬር ፓራቬል የላቲን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዊልሰን በ1991 የሴየርስን ሐሳብ ያብራሩበት መጽሐፍ ሲወጣ ግን ነገሩ ከአንድ ከተማ አልፎ ንቅናቄ ሆነ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የክላሲካልና ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ካቶሊኮቹም፣ በመንግሥት ገንዘብ በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩት፣ መንፈሳዊ ያልሆኑት ቻርተር ትምህርት ቤቶችም፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩትም በየፊናቸው «ክላሲካል» ይላሉ። አርካዲያ ኤጁኬሽን የተባለ አማካሪ ድርጅት በ2024 ባወጣው ግምት፣ ሁሉም ተደምረው ከ1,500 በላይ ትምህርት ቤቶች ይሆናሉ።

አሁን ነገሩን የፖለቲካ ወሬ ያደረገው ገንዘብ ነው። አሪዞና በ2022፣ ፍሎሪዳ በ2023 ማንኛውም ወላጅ ለልጁ የተመደበውን የመንግሥት ገንዘብ ይዞ ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዲሄድ ፈቀዱ። ቴክሳስ በግንቦት 2025 የአንድ ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም በሕግ አጸደቀች፤ ከ2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ ወደ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የ2020 እና የ2022 ውሳኔዎች የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው ተብሎ ከእንዲህ ያለ ገንዘብ መገለል እንደማይቻል አስረግጠዋል። ዳላስና አካባቢው ያለው ሐበሻ ይህን ሒሳብ አሁን ቁጭ ብሎ እየሠራ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ወዳጄ ግን ከኪሱ ነው የሚከፍለው።

የላይኛው ፖለቲካም አልቀረም። ዛሬ የመከላከያውን መሥሪያ ቤት የሚመሩት ፒት ሄግሴት ከማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ዴቪድ ጉድዊን ጋር በ2022 ስለዚሁ ትምህርት መጽሐፍ አሳትመዋል። ይህን የማነሳው ወላጁ ትምህርት ቤቱን ሲመዘግብ የማንን ጠብ እንደሚወርስ ይወቅ ብዬ ነው፤ ትምህርቱ በራሱ መለኪያ መመዘን አለበት።

ሦስቱ ደረጃዎች በቅርብ ሲታዩ

ከመጀመሪያ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው «የሰዋስው ደረጃ» ይባላል። እዚህ የሚደረገውን የአብነት ትምህርት ቤት በር ላይ ያለፈ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የማባዛት ሰንጠረዥ በዜማ ነው። ከፍጥረት እስከ ዛሬ ያሉት የታሪክ ክንውኖች በአንድ ረጅም መዝሙር ተደርድረው ይወርዳሉ። መዝሙረ ዳዊት በቃል፣ ግጥም በቃል ነው፤ ላቲኑ ደግሞ ብዙ ቦታ ከሦስተኛ ክፍል ይጀምራል። ስክሪን የለም ወይም በጣም ጥቂት ነው፤ የእጅ ጽሑፍ በቅጥልጥል ፊደል ይለመዳል።

ፈረንጁ ወላጅ በዚህ ይደናገጣል፤ «ልጄን በቀቀን አደረጉብኝ» የሚልም አለ። ሐበሻው ወላጅ ደግሞ ደስ ብሎት ያለቅሳል። ሁለቱም የሚቸኩሉ ይመስለኛል። በቃል መያዝ ከንቱ አይደለም፤ ምንም ያልያዘ ጭንቅላት የሚያሰላስለው ነገር የለውም። ነገር ግን ትምህርት ቤቶቹ የጉብኝት ቀን ሲያዘጋጁ መድረክ ላይ የሚያወጡት እነዚህኑ ሕፃናት ነው። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ በላቲን «አባታችን ሆይ» ስትል የማይንቀጠቀጥ አንጀት የለም፤ ወላጁም እዚያው ይፈርማል። የአሥራ አንደኛ ክፍሉን ደብተር ልይ ያለ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «የአመክንዮ ደረጃ» ነው። ልጆቹ መደበኛ ሎጂክ እንደ ሒሳብ ይማራሉ፤ መነሻ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ሐሳብ፣ መደምደሚያ። የተለመዱ የክርክር ስህተቶችን በስም ይለያሉ፤ ነገሩን ትቶ ሰውየውን መምታት፣ ያልተባለን ነገር ተባለ ብሎ መርታት፣ ከሁለት አማራጭ ሌላ የለም ብሎ ማፋጠጥ። ይህ ሐበሻ ቤት ሲገባ ምን እንደሚፈጥር ገምቱ። የአንድ የማውቃቸው እናት ልጅ፣ «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል» ሲባል፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ከሥልጣን የመጣ ክርክር ነው» ብሎ መለሰላቸው። እናቲቱ ሲያወሩ ግማሹ ቅሬታ ግማሹ ኩራት ነበር። በነገራችን ላይ ልጁ የተናገረው ትክክል አልነበረም፤ እሳቸው ሥርዓት ነው ያዘዙት እንጂ አልተከራከሩም። የሎጂክ መምህሩ ቢሰማ ኖሮ ነጥብ ይቀንስበት ነበር።

ከዘጠነኛ ወይም ከአሥረኛ ጀምሮ «የሬቶሪክ ደረጃ» ይመጣል። ተማሪዎቹ በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሆሜርን፣ ቨርጂልን፣ አውግስጢኖስን፣ ዳንቴን አንብበው ይከራከራሉ። መምህሩ ይጠይቃል እንጂ ብዙ አያስተምርም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በአንድ የመረጠው ክርክር ላይ ረጅም ድርሰት ይጽፋል፤ በፀደይ ወራትም በአደባባይ ያቀርባል፤ መርማሪዎችም ፊት ለፊት ይጠይቁታል። ይህ «ቴሲስ» ነው ፍሬው። ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ለዚህ የሚደረግ ዝግጅት ነው፤ ቢያንስ መጽሐፋቸው እንዲህ ይላል።

ዳዊት ላይ የሚቆም ብዙ ነው

አሁን ወደ መሪጌታ ጥያቄ እንመለስ። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ደረጃ አለው። ፊደልና አቡጊዳ፣ ንባብ፣ ዳዊት፤ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። ትልቁ ቁጥር ዳዊት ደግሞ ያቆማል። ዳዊት የደገመ ሰው የተማረ ነበር፤ ደብዳቤ ያነባል፣ ጸሎት ያደርሳል፣ በሰፈሩም ይከበራል። ነገር ግን «ሊቅ» አይባልም። ቅኔ ቤት የገባው ነው ቋንቋውን ሰብሮ መልሶ የሚገጥመው።

እኔ እንደማየው የክላሲካል ትምህርት ቤቶቹ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ዳዊቱን በደንብ ያስደግማሉ፤ ቅኔ ቤት የሚያደርሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ዜማና ሽምደዳ ትጉህ የሆነች አስተማሪ በአንድ ክረምት አጥንታ ልታስተምረው ትችላለች። በመስከረም ስለ ቨርጂል ግጥም ስለ «ኤኔይድ» አሥራ አምስት ወጣቶችን የምታከራክር፣ በሰኔ ደግሞ የእያንዳንዳቸውን ድርሰት አንቀጽ በአንቀጽ የምትሰብር መምህር ግን በክረምት አትገኝም። የቅኔ መምህር ከመምህር ነው የሚወጣ፤ «ከማን ተማርክ?» ሲባል ሐረጉን ቆጥሮ ይናገራል። የአሜሪካው ንቅናቄ ግን የተበጠሰ ገመድ ነው የቀጠለው። በ1981 ይህን ትምህርት በዚህ መልክ ራሳቸው የተማሩ መምህራን አልነበሩም ማለት ይቻላል፤ ሐረጉ የሚጀምረው ከአንድ ንግግርና ከጥቂት መጻሕፍት ነው። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተመልሰው እያስተማሩ ስለሆነ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የሚከፈቱበት ፍጥነት ግን መምህራን ከሚያፈሩበት ፍጥነት ይቀድማል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተከፈተና እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ገና ያልተሠራ ቅኔ ቤት እየሸጠልን ነው።

ሌላም አለ። በታሪክ ትሪቪየም የትምህርት ዓይነት እንጂ የዕድሜ ደረጃ አልነበረም፤ ዕድሜውን የጨመሩት ሴየርስ ናቸው። ደረጃውን እንደ ብረት አጥር የያዘ ትምህርት ቤት «አሁን ይሸምድድ፣ መፍጠሩ በአሥረኛ ክፍል ይደርሳል» ይላል። ቅኔ ቤት እንዲህ አይሠራም። ጀማሪው ማታ ግስ ይቀጽላል፤ ቀን ደግሞ ጉባኤ ቃናውን፣ ያችን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩ ሰምተው ያርማሉ፤ ካልሆነ ይጥሉታል። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቷ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የትናንቱ ለዛሬ አያገለግልም፤ የሌላ ሰው ማምጣትም ነውር ነው። ሽምደዳውና ፈጠራው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት።

ደህናዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይህን ነቅተውበታል። «ፕሮጂምናስማታ» የሚባሉትን የጥንት ግሪኮች 14 የድርሰት ልምምዶች ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ ክፍል ያስገባሉ። ልጁ መጀመሪያ አንድ ተረት በራሱ ቃል ይተርካል፤ ቀጥሎ በአይጧ አፍ ይተርካል፤ ቀጥሎ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይተርካል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ወላጅ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ ቢፈቀድለት፣ «የአራተኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ስንት ጊዜ የራሱን ነገር ይጽፋል? ማንስ ያርመዋል?» ብሎ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ላቲኑ ለምን?

«ላቲን አእምሮን ይስላል፤ ሌሎች ቋንቋዎችን ያቀላል» ይባላል። ይህ ሲባል የኖረ ነው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920ዎቹ መርምሮ፣ ላቲን የተማረ ልጅ ሌላውን ልጅ በአጠቃላይ አስተሳሰብ እዚህ ግባ በሚባል ልዩነት እንደማይበልጥ አሳይቷል። በ2003 ሉድቪግ ሃግና ኤልስቤት ሽተርን ጀርመን ውስጥ ያወጡት ጥናት ይበልጥ ይቆነጥጣል። ስፓኒሽ ለመማር ከተዘጋጁት ተማሪዎች መካከል ቀድሞ ላቲን የተማሩት ሳይሆኑ ቀድሞ ፈረንሳይኛ የተማሩት ናቸው የተሻለ የሠሩት። ላቲኑ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ አሳስቷቸዋል።

እንግዲህ ላቲን መማር ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይመስለኝም፤ ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ነው። ልጁ አንድን ዓረፍተ ነገር ሳይቸኩል፣ የእያንዳንዱን ቃል ጅራት እያየ፣ ባለቤቱ የት እንዳለ እየፈለገ እንዲያነብ ያስገድደዋል። በስልክ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም አውግስጢኖስን በገዛ ቋንቋው ማንበብ በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ ላቲኑን በፈተና ውጤት ስም ከሚሸጠው ይህንኑ ቢናገር ይሻለው ነበር።

ደግሞ ለእኛ ቤት የተለየ ስሌት አለ። በቀን የልጁ ጊዜ ውስን ነው። አማርኛው በአፉ የተሰባበረ፣ ግዕዙን በቅዳሴ ሰዓት ብቻ የሚሰማ ልጅ ለአሥር ዓመት ላቲን ሲያወርድ ማየት ለእኔ ይከብደኛል። ላቲን የሚችል አእምሮ ግዕዝ ይችላል፤ እንዲያውም ለዚያ ልጅ ግዕዙ ከእናቱ ቋንቋ ጎረቤት ስለሆነ ይቀርበዋል። አንድ ወላጅ ትምህርት ቤቱን «በላቲኑ ፋንታ ግዕዝ ይያዝልኝ» ብሎ ጠይቆ በጨዋነት እምቢ ተብሏል። መምህሩን ከየት ያምጡት? አልፈርድባቸውም። ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር።

የማን መጻሕፍት?

ስለ መጻሕፍቱ ምርጫ የሚነሳውን ክርክር ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም የሞቱ ነጭ ወንዶች ናቸው ይባላል። ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል። የእኛ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ «ኦዲሲ»ን ሲገልጥ፣ ገና መጀመሪያው ላይ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ሩቅ አገር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ሄዷል ይላል። የሆሜር «ኢትዮጵያውያን» የዛሬዋ አገራችን ሰዎች ናቸው ብሎ በደፈናው መናገር አይቻልም፤ ግሪኮች ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሕዝቦችን ሁሉ እንዲያ ይሏቸው ነበር። ቢሆንም ልጁ እጁን አውጥቶ «ይህ እኛ ነን?» ብሎ የሚጠይቅበት ክፍል ይሁንለት።

ከዚያም የሚበልጥ አለ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በስፋት ከሚነበቡት የቤተ ክርስቲያን አባቶች መጻሕፍት አንዱ የእስክንድርያው አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ የጻፈው ነው። ይኸው አትናቴዎስ ነው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው። ተዋሕዶ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ልጅ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በላይ ለዚያ መጽሐፍ ቅርብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህን የሚነግረው ግን የለም። ቀጥሎ የ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ሲመጣ ደግሞ የእርሱ ቤተ ክርስቲያን በአንዲት መስመር፣ «አንድ ባሕርይ የሚሉ መናፍቃን» በሚል ቃል ታልፍ ይሆናል። ማኅበሩ ፕሮቴስታንታዊ ነው፤ የሃይማኖት ትምህርቱም ማርክ ይያዝበታል። የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆነው ሐበሻ በዚህ ብዙም አይቸገር ይሆናል። የተዋሕዶው ወላጅ ግን የሃይማኖቱን መጽሐፍ አስቀድሞ ገልጦ ይይ። ሂውስተን ላይ እንዳለው ቅዱስ ቆስጠንጢኖስ ትምህርት ቤት ያሉ ከምሥራቅ ኦርቶዶክስ የተነሡ ክላሲካል ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ በኬልቄዶን ጉዳይ ግን እነሱም ከእኛ ጋር አይደሉም።

ስለ ዘር ጉዳይም ዝም ማለት አይገባም። የንቅናቄው አባት ዊልሰን በ1996 ከሌላ ፓስተር ጋር የአሜሪካን ደቡብ ባርነት የሚያለዝብ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ የታሪክ ምሁራን አጥብቀው ተቃውመውታል። አንድ ጥቁር ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ልጁን ማስገባት የለበትም። በሌላ በኩል እነዚህን መጻሕፍት ለነጮቹ ብቻ ማስረከብም ስህተት ነው። በኋላ የባርነት ተቃዋሚ ዝነኛ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በባልቲሞር በባርነት ሳለ፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት፣ በ50 ሳንቲም የገዛው የንግግሮች መጽሐፍ ነው ሬቶሪክ ያስተማረው። በ2021 የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሆነው ሃዋርድ የክላሲክስ (የጥንት ግሪክና ሮም ጥናት) ክፍሉን ሊዘጋ ሲል ጮኸው የተቃወሙት ጥቁሩ ፈላስፋ ኮርኔል ዌስት ናቸው፤ ግራ ዘመምነታቸውን ማንም አይጠራጠርም። የተቃውሞ ጽሑፉን አብረዋቸው የፈረሙት ደግሞ በክላሲካል ትምህርት ቤቶች የሚወደደውን ሲ.ኤል.ቲ. የተባለ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የመሠረቱት ጀረሚ ቴት ነበሩ።

ሒሳቡ፣ ፈተናው፣ ክፍያው

ሐበሻ ወላጅ ጋ «ልጁ ሐኪም ይሆናል ወይ?» የማይቀር ጥያቄ ነው። ሒሳቡ በአብዛኛው ደህና ነው፤ ብዙዎቹ የሲንጋፖርን ወይም ሳክሰን የተባለውን መጻሕፍት ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ጥብቅ ናቸው። ሳይንሱ ግን እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ትንሽ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላብራቶሪው ትንሽ ነው፤ የዝግመተ ለውጥ አቀራረባቸውም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ይለያል። ብዙዎቹ ኤ.ፒ. የሚባሉትን የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች አያቀርቡም፤ መጽሐፍን ለፈተና ሲባል መሮጥ አንወድም ይላሉ።

ሲ.ኤል.ቲ. በ2015 የተጀመረ ነው፤ ከ120 ይታረማል፤ ምንባቦቹም ከጥንት ደራሲዎች የሚወሰዱ ብዙ ናቸው። ፍሎሪዳ በ2023 ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ተቀበለችው። የተለመደው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የኤስ.ኤ.ቲ. ባለቤት የሆነው ኮሌጅ ቦርድ ግን የሁለቱን ፈተና ውጤት ለማነጻጸር የወጣውን ሰንጠረዥ አይቀበልም። ልጁ ፍሎሪዳ የሚማር ካልሆነ ኤስ.ኤ.ቲ.ውንም ይውሰድ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«የቀድሞ ተማሪዎቻችን ከሌሎች የተሻሉ ናቸው» የሚል ጥናትም ይጠቀሳል፤ ማኅበሩ በኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ በኩል ያስጠናው ነው። ልጁን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ቤተሰብ ቀድሞውንም የሚያነብ፣ የሚከታተል፣ የሚከፍል ቤተሰብ ነው። ከውጤቱ ስንቱ የትምህርት ቤቱ፣ ስንቱ የቤቱ እንደሆነ እንዲህ ያለ ጥናት አይለይም። ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ክፍል ገብተው ሌላውን ቀን ቤት የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ርካሽ ናቸው። አባት ሌሊት ታክሲ የሚነዳበት፣ እናት በቀን ሆስፒታል የምትውልበት ቤት ግን ሐሙስ ጠዋት ላቲን የሚያርመው ማን ነው?

በግንቦት ወዳጄ መሪጌታን ይዞ ወደ ቴሲስ ምሽት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። እንደ ጉብኝት ቀን ያልተዘመረበት፣ ወንበሩ ግማሹ ባዶ የሆነበት ምሽት ነበር። አንድ ረጅም ልጅ፣ ከረባቱ የጠበበበት፣ ስለ አባትነትና ስለ «ኤኔይድ» ሃያ ደቂቃ ያህል ያለ ወረቀት ተናገረ። ኤኔያስ ከሚቃጠለው ከተማ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ ሚስቱ ከኋላ ጠፍታበታለች። ከመርማሪዎቹ አንዷ፣ «አባቱን ያዳነ ብለህ አመሰገንከው፤ ሚስቱን ዞር ብሎ ያላየውንስ?» አለችው። ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ድርሰቴ ውስጥ ያቺን አልቆጠርኳትም» ብሎ፣ እዚያው ቆሞ፣ እየተንተባተበ፣ ክርክሩን እንደገና መገንባት ጀመረ። ግማሹ አልቆመለትም፤ ግማሹ ቆመ።

መሪጌታ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ወዳጄ በጆሯቸው እየተረጎመላቸው ነበር። ስንወጣ በመኪና ማቆሚያው ላይ «አሁን ያ ልጅ ሲቆም፣ ያቺ ሴት ጣለችበት አይደል?» አሉ። አዎ፣ አልናቸው። «መልሶ ቆጠረ?»

«ቆጠረ፣ አባባ።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ እንቅልፍ ወስዷት በአባቷ ትከሻ ላይ ነበረች። «ለእሷ ስንት ዓመት ቀራት?»

«ዘጠኝ።»

«እስከዚያ ያቺ ሴትዮ ትኖራለች?» ሲሉ ጠየቁ፤ መርማሪዋን ማለታቸው ነበር። ወዳጄ በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፈ፤ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መምህራን ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠይቆ። መልሱን እየጠበቀ ነው።